ለዕድርተኞቼ፦ ልቡን የታመመ አጫሽ ሳንባውንም ይታይ?

እሑድ ዕለት የዕድር ስብሰባ ላይ «ስለ ልብ ሕመምና ስለ ሲጋራ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ከሩቅ ለደወላችሁልኝ፣ ደብረ ማርቆስ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። አብዛኛው ቀኔ የሚያልፈው የልብና የደም ግፊት ክትትል ክፍል ውስጥ ነው።

አንድም ሰው እጁን አላወጣም። ሁሉም አቀርቅሮ መሬት መሬቱን ያያል። ስብሰባው ሲበተን ግን አንዱ ወረቀት በእጄ ያስጨብጠኛል፣ ሌላው «ዶክተር፣ ለአንድ ዘመዴ ነው» እያለ ወደ ጥግ ይወስደኛል። ማታ ስልኬ ዕረፍት አጣ። ወሬው ፍኖተ ሰላምና ሞጣ ድረስ ሄዶ ኖሯል። ለዘመዶቻችሁ ሁሉ ሰላምታዬን አድርሱልኝ።

በእኛ አገር ሲጋራ የሚደበቅ ነገር ነው። ከአባት ይደበቃል፣ ከነፍስ አባት ይደበቃል። ከሐኪም መደበቁ ግን ጉዳት አለው። ስለዚህ የማንንም ስም አልጻፍኩም፤ ጥያቄዎቹንም አሳጥሬያቸዋለሁ። ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት አንድ ነገር ነው። ልቤን ታምሜያለሁ፣ አጫሽ ነኝ ወይም ነበርኩ፣ ሳንባዬ ውስጥ ካንሰር ተደብቆ እንደሆነ አስቀድሜ ልታይ ወይ? ይህን ምርመራ እኛ ልየታ እንለዋለን። ሰውየው ሳያመው፣ ሳያስለው፣ ቀድሞ መፈለግ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ 61 ዓመቴ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ልቤን አሞኝ አዲስ አበባ ስቴንት፣ የጠበበ የልብ ደም ሥር የሚከፍት ትንሽ ቱቦ፣ ገብቶልኛል። ሠላሳ ዓመት በቀን አንድ ፓኮ አጭሻለሁ። ከታመምኩ ወዲህ አልነካሁም። አሜሪካ ያለው ልጄ «በየዓመቱ የሳንባ ሲቲ ስካን ተነሣ» እያለ ይጨቀጭቀኛል። ልነሣ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጅዎ ከመሬት ተነሥቶ አልተናገረም። እሱ ባለበት አገር ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት መመሪያ አለ። ዕድሜው ከ50 እስከ 80 የሆነ፣ ቢያንስ 20 ፓኮ-ዓመት ያጨሰ፣ አሁንም የሚያጨስ ወይም ካቆመ 15 ዓመት ያልሞላው ሰው በየዓመቱ በዝቅተኛ ጨረር የደረት ሲቲ ስካን ይነሣ ይላል። ፓኮ-ዓመት ማለት በቀን የሚያጨሱትን ፓኮ ባጨሱበት ዓመት ማባዛት ነው። የእርስዎ 30 ነው። መስፈርቱን ያሟላሉ።

መመሪያው እንዲሁ በግምት የወጣ አይደለም። እዚያው አሜሪካ 53 ሺህ ያህል ከባድ አጫሾችና የቀድሞ አጫሾች ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ በሲቲ ስካን፣ ግማሾቹ በራጅ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ለሦስት ዓመት ታዩ። ውጤቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ወጣ። በሲቲ ስካን ከታዩት መካከል በሳንባ ካንሰር የሞቱት በ20 ከመቶ ያንሱ ነበር። ሆላንድና ቤልጂየም የተደረገው ጥናት ደግሞ በ2020 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ በወንዶች ላይ በአሥር ዓመት ውስጥ የ24 ከመቶ ቅናሽ አሳየ። ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ልጅዎ ምናልባት ወዳልነገረዎት ልምጣ። ልብንም ሳንባንም የሚመታው ያው ጭስ ነው። በዚያ በአሜሪካው ጥናት ከሞቱት ሰዎች አንድ አራተኛ ያህሉ የሞቱት በልብና በደም ሥር ሕመም ነበር። በሳንባ ካንሰር የሞቱትም ያንኑ ያህል ናቸው። ሳንባውን እየጠበቅንለት ልቡ የሚቀድመው ሰው ብዙ ነው ማለት ነው።

ሌላው ነገር፣ የሳንባ ካንሰር ገና ትንሽ ሳለ ሲገኝ ዋናው ሕክምናው ቀዶ ጥገና ነው። የሳንባ አንድ ክፍል ተቆርጦ ይወጣል። ልብ ማደንዘዣውንና ቀዶ ጥገናውን ካልቻለ፣ ቀድሞ ማወቁ ጭንቀት ከመጨመር በቀር ምን ይረባል? መመሪያው ራሱ ዕድሜ የሚያሳጥር ሌላ ከባድ ሕመም ያለበት ሰው፣ ቀዶ ጥገናውን የማይችል ወይም የማይፈልግ ሰው፣ ልየታውን ይተው ይላል።

ስለዚህ እንደ እርስዎ ያለ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ሳንባው አይደለም። «ቅዳሜ ገበያ ሄደው፣ ዘንቢል ይዘው፣ ዳገቱን ሳያርፉ ይመለሳሉ?» ነው የምለው። ሁለት ፎቅ ደረጃ ሳያርፍ የሚወጣ ሰው ልቡ ብዙ ነገር ይችላል። የልብ አልትራሳውንዱን የማየው ከዚያ በኋላ ነው።

ስቴንት መኖሩ ብቻውን አይከለክልም። ጊዜው ግን ይታያል። ከገባ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት፣ ብዙ ጊዜ እስከ አንድ ዓመት፣ ደም ማቅጠኛዎቹ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል አብረው ይወሰዳሉ። በዚያ መሃል ሳንባ ላይ አጠራጣሪ ነገር ቢገኝ ናሙና መውሰዱ አጣብቂኝ ነው። መድኃኒቱ ከቆመ ስቴንቱ ሊደፈን ይችላል። ካልቆመ ደም ሊፈስ ይችላል። ምንም የማያመው ሰው ያን ጊዜ አሳልፎ ቢታይ ይሻለዋል። እርስዎ አልፈውታል።

እንግዲህ ዳገቱን የሚወጡ ከሆነ፣ በእኔ እምነት ልየታው ለእርስዎ ዓይነት ሰው ነው። ነገር ግን አንዴ ተነሥቶ ፊልሙን ቁም ሳጥን ውስጥ መክተት ልየታ አይባልም። በየዓመቱ ነው። በአገራችን ለማህፀን ጫፍ ካንሰር ጤና ጣቢያ ድረስ የወረደ ልየታ አለ። ለሳንባ ግን ብሔራዊ ፕሮግራም የለንም፤ ከኪስ ነው የሚከፈለው። ሲቲ ስካን ባሕር ዳር ያገኛሉ። ሲሄዱ «ለልየታ ነው፣ በዝቅተኛ ጨረር» ብሎ የጻፈልዎትን የሐኪም ወረቀት ይያዙ። ካንሰር ሆኖ ቢገኝ ቀጣዩ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል። ያንንም ሳይነሡ በፊት ከቤተሰብ ጋር ይነጋገሩበት።

አንድ ነገር ብቻ። የሲቲ ስካኑ ገንዘብ የሚወጣው ከልብ መድኃኒትዎ ላይ ከሆነ ይቅርብዎት። ክኒኑ ይቀድማል። ልጅዎም ቢሆን ብሩን ሲልክ ለየትኛው እንደሆነ ቢነግርዎት ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ከደጀን ነው የምደውለው። የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ፤ 38 ዓመቴ ነው። ግፊት አለብህ ተብያለሁ። እኔ ግን ፓኮ ገዝቼ አላውቅም፤ በነጠላ ነው የምገዛው። በቀን ሰባት ብትሆን ነው። ከሃያ ዓመቴ ጀምሮ። ይኼም ይቆጠራል?

መልስ፦ ይቆጠራል ወንድሜ። አንድ ፓኮ ሃያ ፍሬ ነው። ሰባትን ለሃያ ስታካፍል 0.35 ይመጣል። ያጨስክበትን 18 ዓመት አባዛበት። 6.3 ፓኮ-ዓመት። ዕድሜህም ገና ነው። ለሳንባ ልየታ አትገባም።

ደስ አይበልህ ግን። ካንሰሩ ላይ የሚጠራቀመው ብዛቱ ነው፤ እንደ ዱቤ መዝገብ ነው የሚቆጠረው። ልብ እንደዚያ አይደለም። በቀን አንዲት ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው ላይ የሚጨመረው የልብ ሕመም አደጋ፣ ሃያ የሚያጨሰው ላይ ከሚጨመረው ግማሹን ያህላል። ሰው ይህን ሲሰማ አያምንም። ምክንያቱ ይኸውልህ። ትንሽ ጭስም ቢሆን ደምህ እንዲጓጉል ያነሣሣዋል፣ የደም ሥርህን የውስጥ ሽፋን ይጎዳል፣ ያጠብበዋል። የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ በደምህ ላይ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ይህ ሁሉ ዓመታት አይጠብቅም፤ ያኔውኑ ነው የሚጀምረው።

አባይ በረሃን ቁልቁል ስትወርድ ፍሬን አንዴ ብቻ እምቢ ቢልህ በቂ አይደል? ልብም እንደዚያ ነው። እንቅልፍ ለማባረር ብለህ ጫቱን ከሲጋራው ጋር ከሆነ የምታስኬደው፣ ጫቱ ራሱ ግፊትህንም የልብ ምትህንም ይጨምራል። የአንተ ምርመራ ሲቲ ስካን አይደለም። ጎሐ ጽዮን ስትደርስ ጤና ጣቢያ ጎራ በልና ግፊትህን ተለካ። ደጀን ስትመለስም ተለካ። ቁጥሮቹን ጽፈህ ይዘህልኝ ና።

ጥያቄ፦ ከፍኖተ ሰላም። ባለቤቴ የልብ ድካም አለበት። ሦስት ትራስ ደርቦ ነው የሚተኛው። እግሩ ያብጣል። አርባ ዓመት አጭሷል። አሁን ደግሞ ሰው «ሳንባውንም አስመርምሪው፣ ካንሰር ሊኖርበት ይችላል» አለኝ። ብር የለኝም። ሳላስመረምረው ቢሞት ጸጸቱ የእኔ ነው።

መልስ፦ እትዬ፣ መጀመሪያ ይህን ጸጸት ያውርዱት። የእርስዎ አይደለም።

ልየታ ለባለቤትዎ የሚሆን ምርመራ አይደለም። ይህን የምለው ለእርሱ ዋጋ ስላልሰጠሁ እንዳይመስልዎት። በሦስት ትራስ የሚተኛ ልብ የሳንባ ቀዶ ጥገና አይችልም። ውጭ አገር ለቀዶ ጥገና ለማይበቁ ሰዎች በጠባቡ ያነጣጠረ የጨረር ሕክምና ይሰጣል፤ እዚያ ለመድረስም ቢሆን ናሙናው፣ መመላለሱ፣ መንገዱ ራሱ ይጥለዋል። ምንም ሳያመው ሄደን አንድ ጥላ ብናገኝ፣ ከዚያ በኋላ ቤቱ የሚቀመጠው ፍርሃት ብቻ ነው።

ባይሆን ገንዘቡንም ጉልበቱንም እዚህ ላይ ያውሉት። ጨው ይቀነስለት፤ ሽሮውም፣ ወጡም። የሚያሸናውን ክኒን እንዳያቋርጥ ይከታተሉት። ቤት ውስጥ ሚዛን ካለ ጠዋት ጠዋት ከሸና በኋላ፣ ቁርስ ሳይበላ ይመዘን። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ከጨመረ ውኃ ነው፤ ቶሎ ይምጣ። አሁንም የሚያጨስ ከሆነ እሱን ማስተው ከማንኛውም ሲቲ ስካን በላይ ነው። ደም የቀላቀለ አክታ ካየ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያን ጊዜ ምርመራው ልየታ መሆኑ ይቀርና ሕክምና ይሆናል።

ጥያቄ፦ ራጅ ተነሥቼ «ንጹሕ ነው» ተብያለሁ። በቃ አይደል?

መልስ፦ በቃ አይደለም። በራጅ የሚደረግ ልየታ በሳንባ ካንሰር የሚሞተውን ሰው አልቀነሰም። ከ150 ሺህ በላይ ሰዎች የተካፈሉበት የአሜሪካ ጥናት በ2011 እ.ኤ.አ. ያሳየው ይህንኑ ነው። በተለይ ለእናንተ ለልብ ሕመምተኞች አንድ ነገር ልጨምር። ከልብ ጀርባ ያለውን ሳንባ በራጅ ማየት ያስቸግራል። ልብ ካበጠ ደግሞ የሚሸፍነው ይበዛል። ራጅ ለሳንባ ምች፣ ለቲቢ፣ ለልብ መጠን ጥሩ ነው። ለዚህ ግን አይሆንም።

ጥያቄ፦ ከቢቸና። ለግፊትና ለልቤ ኢናላፕሪል እወስዳለሁ። አጫሽ ነኝ፤ 57 ዓመቴ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ያስለኛል። ፋርማሲ ቤቱ «የኢናላፕሪሉ ሳል ነው፣ ተወው» አለኝ። ተውኩት። ሳሉ አልተወኝም። ባለፈው ሳምንት አክታዬ ላይ ትንሽ ደም አይቻለሁ። ለልየታ ባሕር ዳር ልሂድ?

መልስ፦ ከሁሉም ጥያቄ ያሳሰበኝ ይህ ነው።

ኢናላፕሪል በእርግጥ ያስላል። ደረቅ ሳል ነው፤ ጉሮሮ ይከክካል፣ አክታ የለውም። መድኃኒቱ ሲቆም ብዙውን ጊዜ በአንድ እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ይጠፋል። ፋርማሲ ቤቱ ፈጽሞ ተሳስቷል አልልም። ነገር ግን የልብ መድኃኒት ሌላ ሳይተካ አይቆምም። ደግሞም ያንተ ሳል አልጠፋም፤ ይባስ ብሎ ደም አመጣ። ይኼ ልየታ አይደለም። ልየታ ለማያመው ሰው ነው። አንተ ታማሚ ነህ። ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም፤ ለልየታ ቀን መርጠህ መሄድ ትችላለህ፣ ለዚህ ግን ነገ ጠዋት ነው የምትሄደው።

መጀመሪያ አክታህን ስጥ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ሁሉ በእኛ አገር ለቲቢ ይመረመራል። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽን ካለ በእሱ። ከዚያ ራጅ። ከዚያ እንደ ውጤቱ ሲቲ ስካን፤ ያውም የልየታው ዓይነት ሳይሆን ሙሉው። ልብህንም እናየዋለን። የልብ ቫልቭ ሲጠብ ደም ያስተፋል። ይህን የምለው በጎጆ ጭስና በሲጋራ ብቻ እንዳታሳብብ ነው።

የማልወደውን አንድ ነገር ልናገር። ቲቢ ሳይረጋገጥ የቲቢ መድኃኒት ተጀምሮለት፣ ስድስት ወር ጨርሶ፣ ክብደቱ እየቀነሰ የሚመጣ አጫሽ አያለሁ። ፎቶው ላይ ቲቢና የሳንባ ካንሰር ይመሳሰላሉ። አክታው ላይ ምንም ካልተገኘና በመድኃኒቱ ካልተሻለህ «ሌላ ነገር ይፈለግልኝ» በል። ሐኪሙ አይቆጣም። ቢቆጣም በል።

አስፕሪን ወይም ዋርፋሪን የምትወስዱም ስሙ። «ደም ማቅጠኛው ነው ያደማኝ» ብላችሁ እንዳታልፉት። ማቅጠኛው ያለ ቀዳዳ አያደማም፤ ያለውን ቀዳዳ ነው የሚያሳየው።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ሲቲ ስካን ተነሥቼ «5 ሚሊ ሜትር እባጭ» ተገኘብኝ። ሦስት ሌሊት አልተኛሁም።

መልስ፦ ይተኙ። አምስት ሚሊ ሜትር የምስር ፍሬ ነው። 53 ሺህ ሰዎች በታዩበት በዚያ የአሜሪካ ጥናት ላይ በሲቲ ስካን «የሚያጠራጥር ነገር አለ» ከተባሉት ውጤቶች 96 ከመቶው ካንሰር አልነበረም። ያውም ቲቢ ብዙም በሌለበት አገር። እኛ ጋ የድሮ ቲቢ ጠባሳ ያልተሸከመ ሳንባ ስንቱ ነው? በመጀመሪያው ልየታ ላይ የተገኘ ከ6 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ጠጣር እባጭ ብዙ ጊዜ የሚባለው «በዓመቱ ተመለስ» ነው። ወዲያው መርፌ አይገባበትም። በተለይ የደም ማቅጠኛ በሚወስድ ሰው ላይ አይቸኮልም።

ያልጣላችሁት የድሮ ፊልም ካለ ግን ወርቅ ነው። አንድ ከጮቄ በኩል የመጡ አርሶ አደር ትዝ ይሉኛል። ልባቸውን እናክማቸዋለን፤ ራጃቸው ላይ የቀኝ ሳንባቸው አናት ላይ አንድ ጥላ አየን። ናሙና እንውሰድ ወደ ማለት ደርሰናል። «ከዚህ በፊት ተነሥተው ያውቃሉ?» ስላቸው «አራት ዓመት ይሆናል፣ ቤት አለ» አሉ። በሳምንቱ ይዘውት መጡ። ፍራሽ ሥር ኖሮ ጠርዙ ተጣጥፏል፣ ጭስ ጭስ ይሸታል። የዚያን ቀን መብራት ስላልነበረ ሁለቱን ፊልም መስኮቱ ላይ አስጠግተን አየናቸው። ያው ጥላ፣ ያው ቦታ፣ ያው መጠን። አራት ዓመት ያላደገ ነገር ነው። ናሙናው ቀረ። ፊልሙን መልሰው በነጠላቸው ጠቅልለው ሄዱ።

ጥያቄ፦ የእኔ የሲቲ ስካን ውጤት ደግሞ «የልብ ደም ሥር ላይ ካልሲየም ይታያል» ይላል። ወተት ልተው?

መልስ፦ ወተቱ ምን በደለ! ይጠጡ። ያ ካልሲየም ከወተት የመጣ አይደለም። የልብ ደም ሥር ግድግዳ ላይ ስብ ተለጥፎ፣ ቆስሎ፣ ሲያረጅ የሚደድረው ነው። የሳንባ ሲቲ ስካን ልብንም አብሮ ስለሚያነሣ ሳይፈለግ ይገኛል። እኔ ይህን ትርፍ እወደዋለሁ። ሳንባውን ሊታይ መጥቶ ልቡ የተገኘበት ሰው አለና። ከዚህ በፊት ልቡን ታሞ ለማያውቅ ሰው ትልቅ ደወል ነው። ኮሌስትሮል ስለሚቀንሰው ስታቲን ስለሚባል ክኒን፣ ስለ ግፊት፣ ስለ ስኳር ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት። ቀድሞ ስቴንት ለገባለት ሰው ግን አዲስ ወሬ አይደለም።

ጥያቄ፦ ጨረሩስ ራሱ ካንሰር አያመጣም? ደግሞ ደረቴ ላይ የልብ ምት ማስተካከያ ማሽን አለ።

መልስ፦ ማሽኑ ለሲቲ ስካን አይከለክልም፤ ብቻ አስቀድመው ይናገሩ። ኤም አር አይ ነው ጥንቃቄ የሚፈልገው። ጨረሩን በተመለከተ፣ የልየታው ሲቲ ስካን በጨረር መለኪያ 1.5 ሚሊሲቨርት ያህል ነው። ሰው ከተፈጥሮ ብቻ በዓመት በአማካይ 2.4 ያገኛል። የተለመደው የደረት ሲቲ ስካን ግን ከልየታው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። «በዝቅተኛ ጨረር» ይጻፍላችሁ የምለው ለዚህ ነው። የልየታው ሲቲ ስካን በመርፌ የሚሰጥ ቀለምም የለውም፤ ኩላሊት ያመማችሁ አትፍሩ።

ጥያቄ፦ ከዳንግላ። ሲጋራ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ግን ሃያ ሁለት ዓመት አረቄ አውጥቻለሁ። ጭሱ ዓይኔን አጥፍቶታል። ሳንባዬስ?

መልስ፦ እማማ፣ መመሪያዎቹ የሚቆጥሩት ትምባሆ ብቻ ነው። የእርስዎን ጭስ የሚቆጥር ፓኮ-ዓመት አልተሠራም። ይህ ለእኔ የመመሪያዎቹ ጉድለት ነው፤ የተጻፉት እንጨት በማይነድበት አገር ነውና። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት ቤት ውስጥ የሚነድ የእንጨት ጭስን «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» ከሚባሉት መካከል መድቦታል። የድንጋይ ከሰል ጭስን ደግሞ «ያመጣል» ብሎ ጨርሷል። የእንጨት ጭስ የትንፋሽ ማጠር እንደሚያመጣ፣ ልብንም እንደሚጎዳ ግን ጥርጥር የለውም።

ሲቲ ስካን ይነሡ አልልዎትም። የሚያስልዎት፣ የሚያፍንዎት ከሆነ ይምጡና ትንፋሽዎን እናዳምጥ። ምድጃው ከመኝታ ቤት ይውጣ። ጣሪያው ላይ የጭስ መውጫ ይከፈት። ልጅዎን እዚያ ጭስ ውስጥ አስቀምጠው እንዳያስጠኑት።

ጥያቄ፦ ሲጋራ ትቼ ሺሻ ጀመርኩ። እሱ ውኃ ውስጥ ያልፋል።

መልስ፦ ውኃው ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያጠራውም። ከሰሉ ደግሞ ከሲጋራ የበለጠ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያስገባልሃል። ለልብህ ማሻሻያ አይደለም። በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ 1112/2011 የተከለከለ መሆኑንም ላስታውስህ። ሱረትስ ላላችሁኝ፣ ሱረት ሳንባን እንደ ጭስ አያቃጥልም፤ ኒኮቲኑ ግን ግፊትን ያወጣል። ለልብ ሕመምተኛ አልመርቀውም።

ጥያቄ፦ ግሮሰሪ አለኝ። እኔ አላጨስም። ልቤን ግን ያመኛል። ደንበኛን «አታጭስ» ብዬ እንዴት አባርራለሁ?

መልስ፦ የሰው ጭስ ለማያጨሰው ሰው የልብ ሕመም አደጋን ከ25 እስከ 30 ከመቶ ይጨምራል። ያ ደንበኛ የሚጠጣውን ከፍሎህ ይሄዳል፤ ጭሱ ግን አንተ ጋ ይቀራል። አሁን በነገርኩህ አዋጅ ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው። ደንበኛውን አታባርረው፤ ሕጉን ግድግዳህ ላይ ለጥፍና ከበርህም ከመስኮትህም ርቆ እንዲያጨስ ንገረው። 

ጥያቄ፦ አባቴ ክትትል ሲሄድ «ትቻለሁ» ይላል። አልተወም። ለሐኪሙ ልናገርበት?

መልስ፦ እኔ አውቃለሁ። ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ «ከተውኩ ሦስት ዓመቴ» እያሉኝ ደም ግፊታቸውን ልለካ እጅጌያቸውን ስሰበስብ ክብሪት ከኪሳቸው ወደቀ። ሁለታችንም ዝም አልን። ጎንበስ ብዬ አንሥቼ ሰጠኋቸው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ራሳቸው «ልጄ፣ አራት አጨሳለሁ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ነው ሥራ የጀመርነው።

አትናገርበት። አብረኸው ግባና ዝም ብለህ ተቀመጥ። ይኸው ነው።

የመጨረሻው፣ ከሞጣ፦ በየዓመቱ ሁዳዴን ሙሉ አላጨስም። ሃምሳ አምስት ቀን! ፋሲካ ዕለት ግን ከዶሮው በኋላ እንደገና እጀምራለሁ። ዘንድሮ ልቤ ታሟል። ዶክተሩ «ካላቆምክ አልችልህም» ብሎኛል። እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

መልስ፦ አያ፣ ዶክተሩ በቃሉ ቸኩሏል። እርስዎ በየዓመቱ ከባዱን ክፍል የሚጨርሱ ሰው ነዎት። የኒኮቲን ሱስ አካልን የሚያስጨንቀው፣ የሚያበሳጨው፣ እንቅልፍ የሚነሣው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ አብዛኛው ይበርዳል። ሆሳዕና ሲደርስ ሰውነትዎ ከኒኮቲን ከወጣ ወር አልፎታል። ፋሲካ ዕለት የሚጠራዎት ሥጋዎ አይደለም። ልማዱ ነው፤ ቡናው፣ አረቄው፣ ያ ጓደኛዎ ክብሪት ጭሮ የሚያቀብልዎት።

ትርፉን ልንገርዎት። ልቡን ከታመመ በኋላ ሲጋራ ያቆመ ሰው፣ ካላቆመው ጋር ሲነጻጸር የመሞት አደጋው በሲሶ ያህል ይቀንሳል። እንዲህ የሚያደርግ ክኒን እጄ ላይ ብዙ የለም። የሳንባ ካንሰር አደጋውም ባቆመ በአሥር ዓመት ወደ ግማሽ ይወርዳል። ካሁን ቀደም ስለ ሲቲ ስካን ከጻፍኩት ሃያ ከመቶ ጋር ያስተያዩት።

ሐሳቤ ይኼ ነው። ሁዳዴ ሲገባ እንደ ወትሮው ይተዉ። ሲይዝዎት የኒኮቲን ማስቲካ ካገኙ ያኝኩ፤ ልቡ ለተረጋጋ ሕመምተኛ ከሲጋራው በእጅጉ ይሻላል፤ ለሐኪምዎ ብቻ ያሳውቁ። ለጓደኛዎ አሁኑኑ ይንገሩት፤ ፋሲካ ዕለት ክብሪት ይዞ እንዳይመጣ። አረቄውን ለዘንድሮ ፋሲካ ይዝለሉት። ከዶሮው በኋላ ቡናው ሲቀርብ ተነሥተው ይውጡ፤ የልጅ ልጅዎን እጅ ይዘው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደርሰው ይመለሱ።

ካስቸገረዎት የዚያን ቀን ከሰዓት ይደውሉልኝ። ፋሲካም ቢሆን ስልኬ ክፍት ነው።